ሲስተር ውባንችና ሁለቱ አሮጌ ላፕቶፖች

በመተማ ቆላ፣ ኮኪት ላይ ሲስተር ውባንችን የማያውቅ ቢኖር ታሞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በዚያ ቆላ እስካሁን አልተገኘም። ደባርቅ ተወልዳ፣ ጎንደር ተምራ፣ በ1995 ዓ.ም. ብርድ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ አጣጥፋ ወደ በረሃው፣ ወደ ኮኪት ጤና ጣቢያ የወረደች ነርስ ናት። ብርድ ልብሱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሻንጣው አልወጣም። ቀጠን ረዘም ያለች፣ ስትቆጣ እንኳ ድምፅዋ ከፍ የማይል፣ ይህ ነገር ሲሆን አርባ አንድ ዓመት የሞላት ሴት ነበረች።

ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከጎጃም ከወሎ ከወገራ ሰው በአይሱዙ እየተጫነ ይወርዳል። አገሬው እነዚህን የቀን ሠራተኞች ሳሉግ ይላቸዋል። ደገኛ ገላ ወባ አያውቅም፤ ካላዛር የሚባለውንማ ስሙንም አልሰማው። ስለዚህ ሰሊጡ ሳይታጨድ የጤና ጣቢያው በረንዳ በነሱ ይሞላል። በመንግሥቱ መዝገብ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና አድራሻ ይጻፋል። አድራሻ በሚለው ቦታ “ጎጃም” ወይም “ወሎ” ተብሎ ይታለፋል። ጎጃም ግን አገር ነው እንጂ ቤት አይደለም፤ እዚያ ሄደው “ቤቶች!” ብለው በር የሚያንኳኩበት አይደለም።

ውባንች በመጣች በሁለተኛው ዓመት አንድ ወጣት በእጇ ላይ ሞተ። አብረውት የመጡት “ልጁ፣ ልጁ” ከማለት በቀር ስሙን እንኳ አያውቁም ነበር። ለማን ይላክ? “ልጁ” ተብሎ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ የራሷን ደብተር ያዘች። የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ የእናቱን ስም፣ ቀበሌውንና ደብሩን፣ ከማን ጋር እንደመጣ፣ ድኖ ሲወጣ ወዴት እሄዳለሁ እንዳለ ትጽፋለች። የታመመበትን አትጽፍም፤ እሱ የበሽተኛውና የሐኪሙ ጉዳይ ነው። ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው የእናትን ስም ነው። ትኩሳት አናቱ ላይ የወጣበት ሰው የራሱን ስም ሲስት አይታለች፤ የእናቱን ስም የሳተ ግን አላጋጠማትም።

እንዲህ እያለ ደብተሩ ሰባት ደረሰ። በ2004 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ሽማግሌ ከቢቡኝ መጡ። አቶ ዳኛው ይባላሉ። ጭነት ሊወስድ በመጣ መኪና ላይ ተለምነው ተሳፍረው ነው የደረሱት።

“ልጄን ፍለጋ ነው የመጣሁ፤ ታጠቅ ይባላል” አሉ። “ከወጣ ሦስት ዓመቱ። በሕይወት ይኑር አይኑር አላወቅንም።”

“የእናቱ ስም ማን ይባላል፣ አባቴ?”

“ብርነሽ።”

ውባንች ዓይኗን ጨፈን አደረገች። “ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?”

የሽማግሌው ምርኩዝ ከእጃቸው ወደቀ። “በሬ ወግቶት ነው!” አሉና በረንዳው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

አይታዋለች፤ አክማዋለች። ወዴት እንደሄደ ግን የሚያውቀው ደብተሩ ነው። ሰባቱንም አውጥታ ወረፋ ከሚጠብቀው በሽተኛ መሀል እየሰረቀች ቅጠል በቅጠል ፈለገች። ከታች የነበሩት ሁለቱ ምስጥ ገብቶባቸው ገጾቹ በአፈር ተጣብቀዋል። አሥር ሰዓት ሲሆን መኪናው ጥሩምባውን ነፋ፤ ሽማግሌው ሌላ መመለሻ የላቸውም።

“ትንሽ ቢቆዩ፣ አባቴ፤ አላጣውም” አለቻቸው።

“ተይው ልጄ፣ በሽተኛ እየጠበቀሽ ነው። ድኖ ወጣ ብለሽኝ የለ? ይኸው ለእናቱ ይበቃታል” ብለው ግንባሯን ስመው ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን በውኃ እያራሰች የተጣበቁትን ገጾች ስትለያይ አገኘችው። “ታጠቅ ዳኛው፤ እናቱ ብርነሽ፤ ቢቡኝ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ሽንፋ።” ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደብዳቤ ጽፋ በሹፌር እጅ ላከች፤ ይድረስ አይድረስ የሚነግራት አላገኘችም።

በዚያው ሰሞን ዋሴ የሚባል የመረጃ ሠራተኛ የወሩን ሪፖርት ሊሰበስብ ከገንዳ ውኃ ከተማ መጣ። ዋሴ የቢሮ ላፕቶፕ አለው። ውባንች የሽማግሌውን ነገር ስታጫውተው፣ የጤና ሠራተኞችን ስም ዝርዝር ከፍቶ ላፕቶፑን ወደሷ አዞረና “አንድ ስም ጥሪ” አላት። የአንዲት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስም ጠራች። ዋሴ ጻፈው፤ ስሙ ከሦስት መቶ ስም መሀል ቢጫ ቀለም ለብሶ ብቅ አለ።

“ይኼው ነው?” አለች ውባንች።

“ይኼው ነው። መጀመሪያ በእጅሽ አንድ ባንድ ማስገባት አለብሽ። ከገባ በኋላ ግን አይጠፋሽም፣ ምስጥም አይበላው።”

“ለኔ የሚሆን የት ይገኛል?”

“አዲሱን ተይው። መተማ ዮሐንስ ሐጂ ሷሊህ ሱቅ ሂጂ። ከካርቱም የሚመጣ፣ መሥሪያ ቤት ተጠቅሞበት የሸጠው ላፕቶፕ አለው። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሲሠራም ለሥራ ተብሎ ነው፤ ቢያረጅም ይገፋል።”

ውባንች ከሥልጠና አበል ያስቀመጠችው ነበራት። መጋቢት ላይ፣ ፀሐዩ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚያስጮህበት ሰሞን፣ እረፍት ወስዳ በሚኒባስ ወደ መተማ ዮሐንስ ወረደች። ብቻዋን አልሄደችም፤ ጣሰውን ይዛ ነው። ጣሰው ኮኪት ላይ ሞባይል፣ ሬዲዮና የትራክተር ኤሌክትሪክ የሚጠግን፣ ካቻቢቴ ከደረት ኪሱ የማይለይ ሰው ነው። ልጁን ከወባ ስላዳነችለት “ሲስተር ና ካለችኝ ሥራዬን ዘግቼ ነው” ይላል።

ሐጂ ሷሊህ ስድሳውን የተጠጋ፣ ነጭ ጀለቢያ የሚለብስ፣ ግማሽ ዕድሜውን በሱዳን፣ በገላባትና በገዳሪፍ መንገድ የጨረሰ ነጋዴ ነው። ሁለት ላፕቶፕ አውጥቶ የመሸጫ ሣጥኑ መስተዋት ላይ ጎን ለጎን አኖረላት።

አንደኛው ግራጫ ነው፤ ስስ፣ ቀላል፣ ጠርዙ እንደ ብር ሳህን የሚያበራ። ሁለተኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ማዕዘኑ የተላጠ፣ ክዳኑ ሲከፈት እንደ አሮጌ በር ሲጥ የሚል። የሁለቱም ፊደል ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው።

“ዋጋቸው አንድ ነው” አለ ሐጂ ሷሊህ። “ግራጫው በሦስት ዓመት ያንሳል። ፈጣን ነው፣ ባትሪው ሦስት ሰዓት ይይዛል፣ ወላሂ። ጥቁሩ ግን ሽማግሌ ነው፤ ባትሪው ሃያ ደቂቃ፣ ከላስ! ስታበሪውማ እስኪነሳ እኔ ዙሁር ሰግጄ እመለሳለሁ።”

ጣሰው ሳቀ። ውባንች አልሳቀችም፤ ዓይኗ ግራጫው ላይ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር ገና ስታየው ወድዳዋለች። ዘጠኝ ዓመት በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ የሽቦ አልጋ፣ ጄሪካን፣ ሁለት ጋዋንና የጎማ ጫማ ነው ያላት። ያማረ ዕቃ የኔ ብላ አታውቅም። ግራጫውን በእጇ ስታነሳው እንደ መጽሐፍ ቀለላት፤ ጣቷን ስታሳርፍበት ፊደሉ ለስላሳ ነው፤ ወዲያው በራ።

“ይኼ ይሻለኛል መሰለኝ” አለች ቀስ ብላ።

ጣሰው “ይሻል ይሆናል” አለ። “ግን ሲስተር፣ የት አድርገሽ ነው የምትሠሪበት?”

“ቤቴ ነዋ።”

“ቤትሽ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። እንግዲያው ሐጂ ይፍቀዱልንና እዚሁ ሁለቱንም እንሞክራቸው። ውጭ በረንዳው ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር።”

ሐጂ ሷሊህ እጁን ዘረጋ። “ተማም! ዕቃዬን አልደብቅም።”

ጠረጴዛ ወጣ፤ ሁለቱም ላፕቶፖች ተሰኩ። ጣሰው የአማርኛ መጻፊያውን ከፍላሽ ላይ ጫነላቸው። ውባንች ሰባተኛውን ደብተር ይዛ ሄዳ ነበርና በግራጫው ላይ መጻፍ ጀመረች። ፊደሉን አንድ ባንድ እየፈለገች በአንድ ጣት ነው የምትጽፈው። የግራጫው መስተዋት የሚያንጸባርቅ ስለሆነ ከስሞቹ ይልቅ የራሷ ፊትና ከኋላዋ የሚያልፈው ጋሪ ይታያታል። ጠረጴዛውን ወዲህ ብታዞረው ወዲያ ብታዞረው ያው ነው። ሐጂ ሷሊህ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ አስመጣ። ጣሰው ጥቁሩ ላይ ዘፈን ከፍቶ እንዲሁ ሥራ እንዳይፈታ አደረገው፤ በጎኑ በኩል ያለው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮሃል።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የግራጫው ሆድ እጅ የሚያቃጥል ሆነ። ውባንች አሥራ አንደኛውን ስም ጽፋ ስትጨርስ ድርግም አለ። ደግማ ብትጫነው እምቢ አለ። ጣሰው ከሥሩ እፍ እያለ ጥቂት ጠብቆ አበራው፤ አሥራ አንዱም ስም የለም።

“ሴቭ አላደረግሽማ” አለ ጣሰው።

ውባንች አሥራ አንድ ስም በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል እያየች ነበር። ጥቁሩ ዘፈኑን ቀጥሏል።

“የማራገቢያው አቧራ ይሆናል፤ ይጸዳል” አለ ሐጂ ሷሊህ። “ግራጫውን ውሰጂው፤ ቢያስቸግርሽ መልሺልኝ።”

ጣሰው በዚህ መሀል ጥቁሩን አጥፍቶ ገለበጠው። ካቻቢቴውን አውጥቶ ከጎን በኩል ያለችውን አንዲት ብሎን ፈታና የክብሪት ቀፎ ሁለት ያህል የምትሆን ጠፍጣፋ ብረት ስቦ መዳፏ ላይ አኖረላት።

“ሃርድ ዲስክ ይህ ነው። የምትጽፊው ሁሉ የሚቀመጠው እዚህ ውስጥ ነው። ይኼ ሽማግሌ ነገ ቢሞትብሽ ይህችን አውጥቼ ሌላ ላይ እሰካታለሁ። ግራጫውን ለመክፈት ግን አሥራ አራት ብሎንና ብዙ ልመና ያስፈልጋል፤ ሳልሰብረው መክፈቴንም እንጃ።”

ውባንች ብረቷን በመዳፏ መዘነቻት። ልቧ አሁንም ግራጫው ላይ ነው፤ ሰው የወደደውን ነገር በክርክር አይተውም። በመጨረሻ ወደ ነጋዴው ዞረች።

“ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንድ አባት ልጃቸው ጠፍቶባቸው መጥተው ነበር…” ብላ የአቶ ዳኛውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። “አሁን የጠፋው የእርስዎ ልጅ ቢሆን፣ ስሙን በየትኛው ያስጽፉት ነበር?”

ሐጂ ሷሊህ ከርከዴውን አስቀመጠ። ግራጫውን አየ፤ ጀለቢያውን ሰብሰብ አደረገ። ኋላ እጁን ዘርግቶ ጥቁሩ ክዳን ላይ አሳረፈ።

“ወላሂ፣ በዚህ ነው” አለ። “ልጄን አንጠልጥሎ ድርግም በሚል ነገር አላስጽፈውም።”

ጥቁሩን ገዛች። ሐጂ ሷሊህ ከላዩ መያዣ ቦርሳና ጎኑ የተላጠ ማውስ መረቀላት። ሚኒባሱ ላይ ጭኗ ላይ አድርጋው ስትመለስ እንደ ድንጋይ ከበዳት፤ ግራጫው በዓይኗ ላይ ነበር። ጣሰው አይቷት “ይጸጽትሻል?” ቢላት “እስከ ኮኪት ድረስ ይጸጽተኛል” አለችው።

ከዚያ በኋላ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አየሩ ሳይጋጋልና መብራት ሳይጠፋ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ትጽፍ ጀመር። ላፕቶፑ እስኪነሳ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። በሰው ዓይን አሰልቺ ሥራ ነው፤ እሷ ግን እያንዳንዱ ስም ጋ ስትደርስ ፊቱ ይመጣላታል። ይህ ሲያቃዠው በሬ ይጠራ የነበረው ነው። ይህኛው ክኒን እየደበቀ ለጓደኛው የሚያስቀምጥ ነው። ይህች ወንድ መስላ የወንድ ልብስ ለብሳ ስታርም ከርማ የታመመችው ዓለምፀሐይ ናት።

አንድ ችግር የተገለጠላትም በዚችው ዓለምፀሐይ ነው። አንድ ማለዳ የጻፈችውን ልትሞክር ስሟን ብትፈልግ የለችም። ትናንት ራሷ ጽፋታለች፤ ገጹን ገልጣ ስታየው ቁልጭ ብላ ተጽፋለች። ጣሰውን ጠራችው፤ እሱም አልገባውም። ዋሴ ለሪፖርቱ ሲመጣ አየውና ሳቀ።

“ሲስተር፣ ደብተሩ ላይ እንዳለች በዓይኑ ‘ዓ’ ነው ያስገባሻት፤ አሁን የምትፈልጊያት በአልፋው ‘አ’ ነው። ላፕቶፑ የሚያውቀው መልኩን እንጂ ድምፁን አይደለም። ላንቺ አንድ ሰው ናት፣ ለሱ ሁለት።”

ውባንች ደነገጠች። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስምንት መቶ ስም ያህል እንዳመጣላት፣ አንዳንዴም እንደ ተማረችው ጽፋለች። ደባርቅ ያስተማሯት የኔታ ፊደል ያዛባን ልጅ አለንጋ ያስቀምሱ ነበር። እሷ ግን ወረቀት ቀድዳ “አንድ ሀ፣ አንድ ሰ፣ አንድ አ፣ አንድ ጸ” ብላ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችና ከአንድ ጀምራ ስምንት መቶውንም አስተካከለች። “የኔታ ይቅር ይበሉኝ” አለች ለዋሴ፤ “ሰው ከሚጠፋ ፊደል ይጥፋ።”

ሰባቱም ደብተር ገብቶ ያለቀው ጳጉሜን ላይ ነው፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ ከምናምን ስም።

በኅዳር 2005 ዓ.ም. ከዳውንት አገኘሽ የምትባል ሴት መጣች። በባዶ ሆዷ ሦስት ቀን የተጓዘች፣ ከንፈሯ የደረቀ። ወንድሟን ዋለን ነው የምትፈልገው። ውባንች መጀመሪያ ውኃና ዳቦ ሰጠቻት፤ ቀጥላ በምሳ ሰዓት ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

“ዋለ” ብላ ጻፈች። ሠላሳ አንድ ዋለ ወጣ። የአባቱን ስም አሰፋን ጨመረች፤ ሁለት ቀሩ።

“የእናታችሁ ስም?”

“ጥሩአየሁ።”

አንዱ ዋለ ቀረ። ውባንች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። “ዋለ አሰፋ፤ እናቱ ጥሩአየሁ፤ ዳውንት። ነሐሴ 2003። ድኖ ወጣ፤ ከሦስት የዳውንት ልጆች ጋር ወደ አብርሃ ጅራ።”

አገኘሽ ላፕቶፑን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ማንበብ አትችልም። “የትኛዋ ናት ጥሩአየሁ?” አለች። ውባንች ጣቷን ይዛ ስሙ ላይ አሳረፈችላት።

አብርሃ ጅራ እስኪደርሱ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ውባንች የምታውቀውን ሹፌር አናግራ አሳፈረቻት። አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አገኘሽ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመች፤ አጠገቧ ፂሙን ያሳደገ፣ አንገቱን የደፋ ሰው አለ። የአንድ ባለሀብት የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነው ያገኘችው።

“ለምን አንድ ቃል እንኳ አልላክህም?” አለችው ውባንች።

“አፍሬ ነው ሲስተር” አለ ዋለ። “ሁለት በሬ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ፎክሬ ነው የወጣሁት። ባዶ እጄን በምን ዓይኔ? እነሱ ደግሞ ሞቷል ብለው ተዝካሬን ሊያወጡ ጠላ ጠምቀዋል አሉ።”

“ጠላው አይባክንም፤ ሄደህ ጠጣዋ!” አለችው። አገኘሽ እያለቀሰች ሳቀች።

ሁሉ እንዲህ በሳቅ አላበቃም። ከመጡት መሀል መቃብር ያሳየቻቸው አሉ፤ ምንም ያላገኘችላቸው ደግሞ ይበዛሉ። ቢሆንም ወሬው በአይሱዙ ላይ እየተጫነ ደጋ ወጣ፤ “ኮኪት ስም የምትይዝ ሲስተር አለች” ይባል ጀመር።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ ለአረም የመጣው ሰው ከመኪና በወረደበት ቀን፣ የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ እንደ ልማዱ ወረፋ ሆነ። ከመሀላቸው አንድ ትከሻው ሰፊ፣ ዱላ የያዘ ጎልማሳ ተራው ደርሶ ፊቷ ቆመ። ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ትኩሳት የለውም። ዓይኑ ጥሩ ነው።

“ምንህን ነው የሚያምህ?”

“ኧረ ደኅና ነኝ ሲስተር።”

“ታዲያ ለምን ተሰለፍክ?”

“ጻፊኝ ብዬ ነው።”

ከኋላው ያሉት ሦስት አራት ሰዎችም “እኛም፣ እኛም” አሉ። ውባንች ስምንተኛውን ደብተር ከመሳቢያ አወጣች። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ የእናቱን ስም ነገራት፤ የራሱን ከነአባቱ፣ ቀበሌውን፣ የጥምቀት ደብሩን፣ የሚስቱን ስም ነገራት። ሳትጠይቀው ደግሞ የበሬዎቹን ስም ጨመረ፦ ቦራና ዳልቻ።

እነሱንም ጻፈቻቸው።